የቀሪዎች መዝገብ

ደብተሬ ሠላሳ ሁለት ሉክ ነው፣ የማባዣ ሰንጠረዥ ጀርባው ላይ፣
ስም እጠራበታለሁ በየማለዳው፣ ጉሙ ከመንገዱ ሳይለይ።

ከኩታበር ወርዶ፣ ቁልቁለቱን ይዞ፣
ሲጠማዘዝ መጥቶ፣ በገደል ተጉዞ፣
ከድልድዩ እስከ ጥዱ ያለው የኛ ድርሻ፣
ጠጠሩም፣ ጭቃውም፣ እስከ መጨረሻ።
አሥራ ሁለት ነበርን፤ ስድስታችን ሴቶች፣
አንድ የምታለቅስ ጋሪ፣ አራት ዶማዎች።
እኔን፦ "አሥረኛ ጨርሰሻል፣ ስም ያዢ" ብለው
እስክሪብቶ ሰጡኝ፤
አካፋዬን ግን አልወሰዱት መልሰው።

ጦይባ አሊ? — አለሁ።
አራጌ ሽበሺ? — አለሁ።
ዘነቡ ጥላዬ? — አለች፤ ቱቦ ውስጥ ናት፣
ደለል እየዛቀች፤ ከጉልበቷ በላይ ማንም አላያት።
ሙሄ...
ሙሄ ይቆየን።

መሐንዲሱ በሰኔ ከደሴ መጣና፣
ቆቡን አስተካክሎ፣ ጉሮሮውን ጠረገና፦
"የመንገድ ጠላቱ መኪና እንዳይመስላችሁ፤
ውሃ ነው ጠላቱ፣ ልብ በሉ እባካችሁ።"
ጦይባ ሳቀች፣ በሻሿ ጫፍ አፏን ይዛ፦
"ልጄ፣ ውሃ ጠላት አይደለም፤ ውሃ መንገደኛ ነው፣
መሄጃ ስትነሳው ነው ቤትህን የሚያፈርሰው።
አርባ ክረምት ሙሉ ማሳዬን ሲወስደው
እኔ ነኝ ያየሁት፤
ና ላሳይህ፣ በየት በየት እንደሚወርደው።"
ከዚያ ወዲያ ቦዩን የቀየሰችው እሷ ናት፤
እሱ በወረቀት ላይ ብቻ ተከተላት።

ሾፌሮች ያውቁናል። አንዳንዱ እጁን ያወጣል፣
አንዳንዱ ጭቃ ረጭቶብን፣ "አይዟችሁ!" ብሎ ያልፋል።
አንዱ፣ ከተንታ ምስር የጫነ፣ ቆሞ ወረደና፦
"ዘንድሮ ባሌስትራ አልቀየርኩም" አለ፤
ጣሳ ሙሉ ሰፈረልን፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ገና።

ነሐሴ ላይ ደመወዝ ዘገየ፣ ሃያ ሦስት ቀን፤
አስቀድሞ የአራጌ ጫማ፣ ቀጥሎ እኛ ተቀደድን።
በመጣ ጊዜ ግን አራጌ የማዳበሪያ ዕዳውን ከፈለ፣
"አሁን በገበያ መሐል ቀና ብዬ እሄዳለሁ" አለ።
ጦይባ ለባሏ፣ ከሞተ በሦስት ዓመቱ፣ ሰደቃ አወጣች፤
ለዘነቡ ሽሮ ለብቻ ተሠራ፣ በልታ፣ መርቃ ወጣች።
ሙሄም ተቀበለ። ምን እንዳሰበለት አልነገረንም።

ሙሄ ወንድሜ ነው።

ጥዱ ሥር፣ መታጠፊያው ላይ፣ አንድ ጉድጓድ ነበረች፣
አይሱዙ የምታስለቅስ፣ አንዴ የቅጥቅጥ ጎማ የዋጠች።
አራት ቀን ለፋባት፤ ድንጋይ ረበረበ፣ ገረጋንቲ ጨመረ፣
ውሃ እያርከፈከፈ በመደቅደቂያው ሲወቅጣት ዋለ፣ እጁ እስኪያብጥ ድረስ፣
እንደ ሰው ቂም ይዞባት ነበረ።
ሐሙስ ማለዳ የመጀመሪያው ቅጥቅጥ በላይዋ አለፈ፤
አልነጠረም እንኳ።
ውስጡ ሙሄ ነበረ።
የአራት ወር ደመወዙን ለደላላው ከፍሎ፣
ወደ ባቲ፣ ከባቲ ወደ በረሃው፣ ከበረሃው ወደ ባሕሩ፣
ራሱ ባቃናው መንገድ፣ ወገቡን ሳያመው፣ ራቀ ከሰፈሩ።

አስተባባሪው፦ "የሌለ ሰው ስም ሰርዢ" ይለኛል።
እስክሪብቶው እሺ አይልም፤ እዚያች መስመር ላይ ቀለም ያልቅብኛል።
ሙሄ ይማም? እላለሁ፤ ጉሙ ብቻ ነው የሚሰማኝ፣
አራጌ ወደ ዶማው ያጎነብሳል፣ ዓይኑ እንዳያገኘኝ።
"ቀረ" ብዬ እጽፋለሁ።
ከጻፍኩት በኋላ ቃሉ አፍጥጦ ያየኛል፦
እሱ ሄዶ ቀረ።
እኔ ሳልሄድ ቀረሁ።
አንዲት ቃል፣ ሁለት ፊደል፣ ሁለታችንን እንዴት ቻለች?
ጦይባን ብጠይቃት፦ "ቦይም እንዲሁ ነው፤
ያንኑ ውሃ ታስቀራለች፣ ያንኑ ትሸኛለች" አለች።

ባለፈው ጥቅምት ደወለ። ከየት እንደሆነ አልነገረኝም፤
የነፋስ ይሁን የባሕር ድምፅ፣ መስመሩም አልጠራም።
ስለ እናታችን ጉልበት፣ ስለ አዲሱ ቆርቆሮ ልነግረው ስል፣
ቀደመኝ፦
"ጥዱ ሥር ያለችው... ተከፈተች ወይ?"
"አልተከፈተችም" አልኩት።

በዚህ ክረምት ሁለቴ ደፍኛታለሁ፣
አንዴ በሥራ ሰዓት፣ አንዴ በራሴ እሑድ።
እሑዱ መዝገብ ላይ የለም።